ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነው ወይስ ታሞ? ራስን መግታት ስላለመቻል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አጎቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበር። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ላይ ጸባዩ ተለወጠ። ምን እንደያዘው እስክናውቅ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ሰውም፣ ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶችም «እኛ ቤትም እንዲህ ያለ ነገር አለ» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱን በየቡናው ከምደግመው ልጻፈው ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የካርድ ክፍል ወረፋ ሲጠብቅ የኖረ ቤተሰብ ነኝ።

ይሄ ነገር ምንድን ነው?

ሐኪሞች «ዲስኢንሂቢሽን» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ልጓም ማጣት ብንለው ያስኬዳል። ሰው በሆዱ ያሰበውን ሁሉ አይናገርም። ያማረውን ሁሉ አያነሳም። የሆነ ነገር ይይዘዋል። እኛ ያንን ይሉኝታ እንለዋለን። የዚህ ሕመምተኛ ይሉኝታው አይሠራም። የመጣለትን ይናገራል፣ ያየውን ይነካል፣ ሲናደድ እጁ ይቀድማል።

ሐረጎን የወረደ ሰው ይገባዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወረድ የጭነት መኪናን የሚያድነው ሞተሩ ሳይሆን ፍሬኑ ነው። ቁጣ፣ ምኞት፣ ረሃብ፣ ሳቅ ሁላችንም ውስጥ አለ። በሽታው እነዚህን ከየትም አላመጣቸውም። የነካው ፍሬኑን ነው።

ከተራ ብልግና በምን ይለያል?

«መቼ ጀመረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከልጅነቱ አፉ የማይከደን ሰው ጸባዩ ነው። ያስቀይማል እንጂ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ጨዋ የነበረ ሰው በሃምሳዎቹ ሴት መጎንተል ሲጀምር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰውየውን ከጎረቤቱ ጋር አታስተያዩት። ከድሮው ራሱ ጋር አስተያዩት። እኛ ሁለት ዓመት የባከነብን ይህን ባለማድረጋችን ነው። «ዓይኑን በጨው ታጠበ» ብለን ተቀየምነው፣ አኮረፍነው፣ ሽማግሌ ሰደድንበት። ሽማግሌዎቹንም ሰደባቸው።

እስቲ አጎቴን ላሳያችሁ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የሚውለው። ሴት ደንበኛ ሲለካ ዓይኑን ከሜትሩ አያነሳም ነበር። አንድ ቀን የቆየች ደንበኛውን ወገብ ለካ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ተናገረና «አንቺማ በርሜል ሆነሻል» አላት። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር። ሴትዮዋ ጨርቋን ሰብስባ ወጣች። እሱ መቀሱን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ። እኔን ያስደነገጠኝ ንግግሩ አልነበረም። ፊቱ ነው። ያልሆነ ነገር ያመለጠው ሰው ፊት ላይ የሚመጣው ድንጋጤ አልመጣም።

ሁሉንም ነገር ያስታውሳል። ታዲያ እንዴት የአንጎል በሽታ ይሆናል?

እኛንም ያሳሳተን ይሄው ነው። ያን ቀን የቆረጠው ቀሚስ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር። የማን ጨርቅ እንደሆነ፣ ስንት ቀብድ እንደተከፈለበት አልረሳም። ለካ የማስታወስ ሥራና ራስን የመግታት ሥራ አንጎል ውስጥ ቦታቸው ለየቅል ነው። መግታቱ በአብዛኛው የሚሠራው ከግንባራችን ጀርባ ባለው ክፍል ነው። ፍሮንታል ሎብ ይባላል። ይህ ክፍል በስሎ የሚያልቀው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የጎረምሳ ችኮላ አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው።

ሐኪሞች ስለዚህ ሲያወሩ የሚያነሱት ፊኒየስ ጌጅ የሚባል አሜሪካዊ አለ። የባቡር ሐዲድ መንገድ ለማውጣት ድንጋይ የሚያፈነዳ የሠራተኞች አለቃ ነበር። የኮምቦልቻው መስመር ሲሠራ ተራራ ሲናድ የሰማ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1848 ባሩዱ ያለጊዜው ፈነዳ። ከአንድ ሜትር የሚበልጥና ስድስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም። ተናገረ፣ ተራመደ፣ ትውስታውም ነበረ። ነገር ግን ያከመው ዶክተር ጆን ሃርሎ እንደጻፈው፣ ረጋ ያለው ሰው ተሳዳቢና ትዕግሥት የለሽ ሆነ። ወዳጆቹም «ጌጅ ድሮ የምናውቀው ጌጅ አይደለም» አሉ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ክፍል ደግሞ አለ። ጌጅ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ኖሯል። ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነድቷል። ሥርዓት ያለው የዕለት ሥራ ሳይረዳው አልቀረም ይላሉ። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

የእርጅና ነገር ይሆን?

አይደለም። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ይህንኑ ነግረውን ቫይታሚን ይዘን ተመለስን። እርጅና ሰውን ቀስ ያደርገዋል እንጂ ለቅሶ ቤት አያስቀውም።

በሽታው ስም አለው?

አንድ ብቻ አይደለም። ልጓም ማጣት እንደ ትኩሳት ነው፤ ምልክት ነው። ከጀርባው ብዙ ነገር ሊኖር ይችላል።

አጎቴ ላይ የተገኘው ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ የሚባለው ነው። የአንጎል የፊትና የጎን ክፍሎች ቀስ በቀስ ይሟሽሻሉ። አርኖልድ ፒክ የተባለ የፕራግ ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1892 መጀመሪያ የጻፈበት። ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ሰውየው ገና ሥራ ላይ፣ ልጆቹም ገና ትምህርት ቤት እያሉ ማለት ነው። ተዋናዩ ብሩስ ዊሊስ ይኸው በሽታ እንደተገኘበት ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2023 ተናግሯል። ከልጓም ማጣቱ ሌላ ርኅራኄ ይቀንሳል። ጣፋጭ ማሳደድ ይመጣል። አንድን ነገር መደጋገም ይኖራል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ይፈዛል፣ ከአልጋ አይወርድም።

ሌሎቹ ምክንያቶች ግን ብዙ ናቸው፤ የሚድኑም አሉባቸው። የመኪና ወይም የባጃጅ አደጋ፣ ጥይት፣ ስትሮክ፣ ግንባር ሥር የበቀለ ዕጢ። የታይሮይድ መዛባት። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት። ለዓመታት ያልታከመ ቂጥኝም አንጎል ውስጥ ገብቶ እንዲህ ያደርጋል፤ በፔኒሲሊን ይታከማል። ልጁ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ከሆነ፣ ሳይተኛ አድሮ የማይደክመው፣ ንግግሩ የማይያዝ፣ ገንዘብ የሚበትን ከሆነ ደግሞ ባይፖላር የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። እሱ ጥሩ መድኃኒት አለው። ስለዚህ ከአጎቴ ታሪክ ተነስታችሁ ቤታችሁ ያለውን ሰው አትፍረዱበት።

በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሳምንት የመጣ ከሆነስ?

ቀጠሮ አትጠብቁ። የዛሬ ነገር ነው።

ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ከቆየ ድንገት ይቆጣል፣ ይቃዣል፣ ይሳደባል። የሰከረ ይመስላል። መዋጥ ከቻለ ስኳር በውኃ ስጡትና ወደ ሕክምና ሩጡ። ትኩሳት ካለው ወባ፣ ታይፎይድ ወይም የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። አዛውንት ከሆኑ፣ ባለፉት ሳምንታት ወድቀው ወይም ጭንቅላታቸውን ተመትተው እንደሆነ ጠይቁ። ቀላል የመሰለች ምት ከአንጎል በላይ ቀስ ብላ ደም ታቁራለች፤ ከወር በኋላም ሊታይ ይችላል። ደሙ በቀዶ ጥገና ሲወጣ ወደ ራሳቸው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። አፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የሚጥል ሕመም ከታየ ደግሞ ጥያቄም የለው።

ጫቱ ነው? መጠጡ ነው?

ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ነገር አለ። ምርቃናው ላይ ሰው ያወራል፣ ያቅዳል፣ ቃል ይገባል። ሲወርድ ዱካክ ይመጣል፣ ብስጭት ይመጣል። መጠጥ ደግሞ ፍሬኑን ራሱን ያላላል። ሁለቱን ማስከተል፣ ያው ጨብሲ የምትሉት፣ የባሰው ነው። መጀመሪያ ሞተሩን አግለህ ቀጥሎ ፍሬኑን መንቀል ማለት ነው።

መለያው ቀላል ነው። የሚመጣና የሚሄድ ነገር ከሆነ፣ ከቃመበትና ከጠጣበት ሰዓት ጋር የሚገጥም ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን ተጠራጠሩ። ለሳምንታት ትቶትም ካልተለወጠ ሌላ ነገር አለ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለረጅም ዓመታት ብዙ አረቄ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን በራሱ ማቆም የለበትም። መንቀጥቀጥና መቃዠት ያመጣል፤ ይገድላልም። በሐኪም እጅ ይሁን።

መድኃኒት ራሱ እንዲህ ያደርጋል?

ያደርጋል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ለፓርኪንሰን የሚሰጡ እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉ መድኃኒቶች ቁማር፣ ያልታሰበ ግዢ፣ ከልክ ያለፈ የወሲብ ፍላጎት ሊያመጡ ይችላሉ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ኪኒኑ ነው። እንደ አስም ላሉ ሕመሞች የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን በብዛት ሲወሰድ እንቅልፍ ነስቶ ሰውን ሊያስለፈልፍ ይችላል። ዳያዜፓምም አንዳንድ አዛውንትንና ሕፃናትን ከማረጋጋት ይልቅ ይበጠብጣል። የሚወስደውን ኪኒን ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። በተለይ ፕሬድኒሶሎንን በአንዴ ማቆም አደጋ አለው።

ቤቲንግ ቤት የሚውል ልጄስ?

ያ በአብዛኛው ሱስ ነው። ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ቁማርን ከሱሶች ተርታ መድበውታል። ትኬት መቁረጥ የጀመረው በሃያ ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ከሆነ እንደ ሱስ ያዙት። በስልሳ ዓመቱ፣ ካርታ እንኳ ነክቶ የማያውቅ ሰው ከሆነ ግን ወደ ላይ ተመለሱና «መቼ ጀመረው» የሚለውን አንብቡ።

ጠበል ወይም ዱዓ እንውሰደው?

ውሰዱት። እኛም ወስደነዋል፤ ጠበሉም፣ ወዳጃ የሚባለው የዱዓ ጉባኤም አልቀረ። እናቴ በአንዱ፣ ሚስቱ በሌላው። ጸሎት ከሕክምና አይጣላም። የሚጣላው «መድኃኒቱን አቁም» የሚል ሰው ሲመጣ ነው። እሱን አትስሙት። ዱላ ወይም ጭስ ያለበት ቦታም አትውሰዱት። የሚመታው ሰው ለምን እንደተመታ አይገባውም።

ደሴ ውስጥ የት እንጀምር? ምን ይዘን እንሂድ?

ከቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ። በማኅበረሰብ ጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ያስከፍላል። ከዚያ ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ኮምቦልቻ ያላችሁም ጠዋት በታክሲ ወጥታችሁ መድረስ ትችላላችሁ። ነገሩ ከከበደ አዲስ አበባ ድረስ ይጻፋል። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ይዞ ሌሊት በአውቶቡስ መጓዝን አልመክርም።

ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። አጎቴ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሰላም ብሎ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ቀኑን አውቆ፣ «እኔ ደህና ነኝ፣ እነሱ ናቸው የታመሙት» ብሎ ሳቀ። ሦስት ደቂቃ የሚያየው ሐኪም ምን ይፍረድ? በሦስተኛው ጉዟችን ልጁ አንድ የደብተር ገጽ ጽፋ መጣች። ጥር ላይ ደንበኛ ሰደበ። መጋቢት ላይ የሰው ሳህን ላይ እጁን ሰደደ። ሰኔ ላይ ገላውን መታጠብ ተወ። ሐኪሙ አንብቦ ሲጨርስ ወንበሩን ወደ እኛ አዞረና መጠየቅ ጀመረ። እሱ ፊት ማውራት ካፈራችሁ ወረቀቱ ያወራላችኋል።

የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይም ሊባል ይችላል። ስካኑ ላይ መጀመሪያ ምንም አለመታየቱ በሽታ የለም ማለት አይደለም።

ይድናል?

እንደ ምክንያቱ ነው። የታይሮይድ፣ የቢ12፣ የመድኃኒት፣ የደም መቋጠር ከሆነ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። የአደጋ ጉዳት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየተሻሻለ ይሄዳል። ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያን ግን የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሴቲን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች የመጣለትን የማድረግ ግፊቱን ለአንዳንዱ ያበርዱለታል። ለአጎቴ ትንሽ ረድቶታል። ለአልዛይመር የሚሰጠው ዶኔፔዚል ደግሞ እዚህ አይጠቅምም፤ ሊያብሰውም ይችላል። «የመርሳት መድኃኒት» ብሎ ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

አትከራከሩት። ይህን ለመማር ዓመት ፈጀብኝ። «አታፍርም?» ማለት ፍሬን የሌለውን መኪና መሳደብ ነው። ሆጤ አንድ ለቅሶ ቤት ሄደን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ሻይ መጣ። አጎቴ የስኳር ዕቃውን ወደ ራሱ ሳበና በማንኪያ እየዛቀ ይልስ ጀመር። አራት ማንኪያ ቆጠርኩ። ሰው ያያል። እኔ በጆሮው «ጋሼ፣ ተው» አልኩት። ስኳሩን አጥብቆ ያዘ። ደግሜ ስለው ጮኸብኝ፤ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ልጁ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣች። ስለ ስኳሩ ምንም አላለችም። «አባዬ፣ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖታል፣ ና እንየው» አለችው። ዕቃውን አስቀመጠና እጇን ይዞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ዘዴያችን ይሄ ነው፤ መከልከል ሳይሆን ሐሳቡን ማስቀየስ። ስኳሩም ከዓይን ይርቃል። ማር፣ ከረሜላ፣ መጠጥ፣ ቢላዋ፣ የመኪና ቁልፍ ጭምር። ያላየውን አይፈልገውም። ሕዝብ በበዛበት ሰዓት ሰኞ ገበያ አንወስደውም። ጠባብ ታክሲ ላይ መስኮት ዳር እናስቀምጠውና እኛ ከጎኑ እንቀመጣለን፣ ሴት አጠገቡ እንዳትሆን።

አሁን ወደ ጌጅ ሠረገላ። የቀኑን ሥርዓት አታዛቡበት። አጎቴ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሳል፣ በዚያው መንገድ ይሄዳል፣ ተመልሶ ሲንጀሩ ላይ ይቀመጣል። ለሰው አይሰፋም። ቁርጥራጭ ጨርቅ እንሰጠዋለን፤ እሱ ቀጥ አድርጎ ይገጣጥመዋል። ያንን ሲሠራ ሁለት ሰዓት ቤቱ ሰላም ነው።

ብናስረውስ?

አይሆንም። ሰንሰለት ቁጣን ይጨምራል፣ እጅ ያቆስላል፣ ሰውን ከሰው ያወጣል። መውጣቱ ካስቸገረ የግቢውን በር ቆልፉ። መማታት ከመጣ ልጆቹን አርቁና ያን ቀኑን ሕክምና ሂዱ። ጥርስ፣ ሆድ ድርቀት፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሰውን እንዲህ ያወራጫሉ፤ እሱ ግን «አመመኝ» አይልም።

ለሰው ምን እንበል?

እውነቱን፣ በአጭሩ። «የአንጎል ሕመም አለበት፣ የሚናገረው ከእሱ አይደለም።» እኛ ይህንኑ በትንሽ ካርድ ላይ ጽፈን ለታክሲ ረዳትና ለባለ ሱቅ እናሳያለን። ያቺ የቆየች ደንበኛውም ጋ ሄደን ነገርናት። አለቀሰች። ለበዓል ድፎ ላከችለት። የተነካች፣ የተጎነተለች ሴት ካለች ግን ይቅርታ ጠይቋት፣ ከዚያ በኋላም ሰውየውን ጠብቁ። በሽታ መሆኑ በእሷ ላይ የደረሰውን አይሰርዘውም።

ገንዘብና ሕጉስ?

ገንዘብ ላይ ቀድማችሁ ንቁ። አጎቴ ሁለት ጣቃ ጨርቅ ለማያውቀው ሰው አስረክቧል። አሁን ኪሱ ውስጥ ዝርዝር ብር ብቻ ነው የሚኖረው። በባሰበት ጊዜ ቤተሰብ ፍርድ ቤት አመልክቶ በንብረቱ ላይ በራሱ ከማዘዝ በፍርድ እንዲከለከልና አሳዳሪና ሞግዚት እንዲሾምለት መጠየቅ ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይፈቅዳል። ወንጀል ውስጥ ከገባ ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 እና 49 በሕመም ምክንያት ኃላፊነት የሌለውንና በከፊል ኃላፊ የሆነውን ሰው ይለያሉ። ስለዚህ የሐኪም ወረቀቶቹን አትጣሉ።

ልጆቹ ይወርሱታል?

የአጎቴ ልጅ ይህን የጠየቀችኝ ሌሊት ነው፣ በስልክ። በአብዛኞቹ ታማሚዎች በግልጽ ከወላጅ የመጣ አይደለም። በጥቂት ቤተሰቦች ግን በዘር ይተላለፋል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ወላጆች፣ አጎቶችና አክስቶች በምን ዕድሜ ምን እንደሆኑ ነው። የአጎቴ አባትም እናትም ሰማንያን አልፈው፣ ልጆቻቸውን በስም እየመረቁ ነው ያረፉት። ይህን ለሐኪሙ ነግረነው ስጋቱ አነስተኛ ነው አለን። ለእሷ ያነበብኩላት ያንኑ ነው፣ ከጻፈበት ወረቀት ላይ።